አብሮ የተማረ ሰው ሲቀድም ምን ይደረጋል?

«አብረውህ የተማሩት የት ደረሱ?» የሚለው ጥያቄ ከእናት አፍ ሲወጣ ከስድብ ይከብዳል። አንዳንዴ ጠያቂም አያስፈልግም። የባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአንዱ አዲስ ቤት፣ የሌላዋ የማስተርስ ምርቃት፣ የሌላው ሹመት ይለጠፋል። ሁሉም «እንኳን ደስ አለህ» ይላል፤ እርስዎም ከልብዎ ይላሉ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ራስህን ከሰው ጋር አታወዳድር» የሚል ነው። ምክሩ ቅን ቢሆንም አይሠራም፤ ልብ ማወዳደር የሚጀምረው ሳያስፈቅድ ነውና። ይህ መመሪያ የያዘው መንገድ ሌላ ነው፦ ንጽጽሩ ከተጀመረ አይቀር በጥንቃቄ ይሠራ፣ እስከ መጨረሻውም ይሂድ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ንጽጽሩን በግማሽ ትቶት ሲነሣ ነው። የጓደኛውን ውጤት ከራሱ ድካም ጋር ያስተያያል፣ በመካከል ያለውን አንዱንም ሳይቆጥር በራሱ ላይ ይፈርዳል።

የሚያስፈልግዎ ነገር ጥቂት ነው፦ ማንም የማያየው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ብቻዎን የሚሆኑበት ሁለት ሰዓት ያህል። በስልክ ላይ አይጻፉ፤ ያቆሰለዎት ፎቶ ያለው እዚያው ነው፣ ጣት ሳይታወቀው ወደዚያ ይሄዳል። ደብተሩ የግድ የግል መሆን አለበት። ባለቤትዎ ወይም ወንድምዎ ሊያነበው ይችላል ብለው ካሰቡ የሚጻፈው እውነቱ ሳይሆን የሚያምረው ይሆናል። ቀኑንም ይምረጡ። የቤት ኪራይ መክፈያው ዋዜማ፣ ወይም ከጓደኛ ሠርግ የተመለሱበት ምሽት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንዲት ሴት በምሳሌነት ይዘን እንሂድ። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ናት እንበል። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አንድ ዶርም አብራት የኖረች ጓደኛዋ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ናት፤ ሰሞኑን ለእናቷ ያሠራችው ቤት ፎቶ ግሩፑ ላይ ወጥቷል።

1. ሦስት ቀን ምንም አይወስኑ

ዜናው በደረሰ ማግስት የሚወሰን ነገር ብዙ ጊዜ ከቁስሉ የመጣ ነው። ሰው ሥራውን የሚለቀው፣ ፓስፖርቱን ይዞ ደላላ ዘንድ የሚሄደው፣ ከአቅሙ በላይ ተበድሮ መኪና የሚገዛው በዚህ ሰሞን ነው። ባልና ሚስትም «ያን ጊዜ ሂድ ስልህ» በሚል የሚጋጩት ያኔ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን መልቀቂያ አያስገቡ፣ አይበደሩ፣ ለማንም ቃል አይግቡ። የጓደኛዎንም ገጽ እየመላለሱ አይዩ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ ነገር ግን ሃያ ጊዜ የታየ ፎቶ በመጀመሪያው እይታ ያልነበረ አንድም አዲስ ነገር አይነግርዎትም፣ ቁስሉን ብቻ ያድሰዋል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ስሜቱን ቶሎ በ«ተመስገን» መሸፈን ነው። ምስጋና ክቡር ነገር ነው። ነገር ግን ልብ እያዘነ አፍ ብቻውን ሲያመሰግን ምስጋናውም አይሞላ፣ ሐዘኑም አይወጣ። በሦስቱ ቀን «ቀንቻለሁ፣ ከፍቶኛል» ብለው ለራስዎ ማመን ይበቃል። ይህን ማመን ክፉ ሰው አያደርግዎትም።

2. የወጋዎትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ተሳክቶላታል» አይበቃም። ምኑ? የቱ ፎቶ፣ የቱ ቃል፣ የቱ ቁጥር ነው የነካዎት? መምህርታችን መጀመሪያ የምትጽፈው «እሷ አሜሪካ ናት፣ እኔ እዚሁ ቀርቻለሁ» የሚል ይሆናል። ትንሽ ብትቆይ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይመጣል፦ «እሷ ለእናቷ ቤት ሠራች፤ እኔ ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ለመግዛት ደሞዝ እጠብቃለሁ።» ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መፍትሔው ቪዛ ይመስላል። ሁለተኛው አሜሪካን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የእናትን መድኃኒት ነው። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ የሚቆመው በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ እየሰረዙ ቢጽፏት ጊዜዎን አላባከኑም።

ቁስሉ ለምን በክፍል ጓደኛ እንደሚብስ ማወቅም ይረዳል። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት ሰው ችሎታውን የሚለካበት ግልጽ መለኪያ ሲያጣ በሌሎች ሰዎች እንደሚለካ፣ ለመለኪያነትም የሚመርጠው የሚመስሉትን ሰዎች እንደሆነ አስረድቷል። በ1980ዎቹ ደግሞ ኤብርሃም ቴሰር የተባለ ሌላ ተመራማሪ አንድ ነገር ጨመረበት፦ የሚያመን የቅርብ ሰው፣ ያውም እኛ ራሳችን ዋጋ በምንሰጠው ነገር ሲበልጠን ነው። ያው ሰው እኛን በማይነካን ሙያ ቢበልጠን ግን «ጓደኛዬ እኮ ነው» ብለን እንኮራበታለን። መምህርቷ አብረዋት ከተማሩት አንዱ ታዋቂ ዘፋኝ ቢሆን ለተማሪዎቿ በደስታ ታወራለች። ስለዚህ ሕመሙ ያለበት ቦታ እርስዎ ዋጋ የሚሰጡት ነገር ያለበት ቦታ ነው፤ ሊናቅ የማይገባው መረጃ ነው።

ዓረፍተ ነገሩን ከጻፉ በኋላ አንድ ጥያቄ ከሥሩ ያስፍሩ፦ «ይህን ነገር ባገኘው፣ ግን ከባቹ ማንም ባያውቅ፣ እፈልገዋለሁ?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳራ ሶልኒክና ዴቪድ ሄመንዌይ ባወጡት ጥናት የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ሰዎች ምርጫ ቀርቦላቸው ነበር፦ እርስዎ በዓመት 50,000 ዶላር ሌሎች 25,000 የሚያገኙበት ኑሮ፣ ወይስ እርስዎ 100,000 ሌሎች 200,000 የሚያገኙበት? የዕቃው ዋጋ በሁለቱም አንድ ነው። ግማሽ ያህሉ መብለጥን መርጠው እጥፉን ገንዘብ ተዉት። የእርስዎም ሕመም ከፊሉ ነገሩን ከመፈለግ፣ ከፊሉ ደረጃን ከመፈለግ ሊሆን ይችላል። በመቶ ስንቱ የትኛው እንደሆነ በግምት ይጻፉ።

3. የክፍሉን ሙሉ የስም ዝርዝር ያውጡ

አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ነበራችሁ እንበል። እርስዎ የሚያወዳድሩት ከስንቱ ጋር ነው? ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ጋር ነው። የተቀሩትን ስም ያስታውሱ። የኋላ ወንበር የነበሩትን፣ በ10ኛ ክፍል ያቋረጠችውን፣ ከክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣውን፣ ሁሉንም ይጻፉ። በየስማቸው አጠገብ ዛሬ የት እንዳሉ ያስፍሩ፤ ካላወቁ «አላውቅም» ይበሉ።

ገጹ ሲሞላ «አላውቅም» ከሁሉ ይበዛል። ግሩፑ ላይ የሚጽፈው የሚጽፈው ነገር ያለው ሰው ነው። ከቤይሩት ወይም ከጅዳ ባዶ እጇን የተመለሰች ልጅ ፎቶ አትለጥፍም። በሕመም አልጋ ላይ ያለው፣ በወረዳ ከተማ ፋርማሲ ከፍቶ ደህና የሚኖረው፣ ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋው ዝም ብለዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ በሕይወት የሌሉም ይኖራሉ፤ እስክሪብቶው እዚያ ስም ላይ ሲደርስ ትንሽ ቢቆም ምንም አይደለም።

ይህን የሚያደርጉት ግን ከበታችዎ ያለውን አይተው ለመጽናናት አይደለም። ብዙዎች እዚህ ይሳሳታሉ። በሌላው ማነስ የተጽናና ሰው ያንኑ ሚዛን በእጁ እንደያዘ ነው፤ ነገ ሌላ ፎቶ ሲወጣ ሚዛኑ እሱንም ዝቅ ያደርገዋል። ዝርዝሩ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ «አብረውኝ የተማሩት ሁሉ» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ «ሁሉ» የተባሉት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን በዓይን ለማየት።

4. መነሻውን ለሁለታችሁም ይጻፉ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። የክፍል ጓደኛ አሳሳች መለኪያ የሚሆነው መነሻችን አንድ ስለሚመስል ነው፦ አንድ ዩኒፎርም፣ አንድ ዴስክ፣ አንድ አስተማሪ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከዚያ በኋላ፣ በእኔ ስንፍና የመጣ ይመስላል። ገጹን ለሁለት ይክፈሉና በአንዱ በኩል የጓደኛዎን፣ በሌላው የራስዎን ይጻፉ።

ከቤት ይጀምሩ። ከትምህርት ሲመለስ ማን ያጠና ነበር፣ ማን ሱቅ ይጠብቅ ወይም ውኃ ይቀዳ ነበር? ዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ ከቤት ገንዘብ የሚላክለት ማን ነበር፣ ወደ ቤት የሚልከውስ? ከምርቃት በኋላ ሥራ እስኪገኝ አንድ ዓመት ወላጆቹ ቤት ሊቀመጥ የቻለው ማን ነው፣ ታናናሾቹን ሊያስተምር የመጀመሪያውን ሥራ ሳይመርጥ የተቀበለውስ? የታመመ ወላጅ፣ ቀድሞ የመጣ ልጅ፣ በጦርነት የተቋረጠ ዓመት፣ ሁሉም ይጻፍ። የመጀመሪያ ልጅ የሆኑ አንባቢዎች ይህን ገጽ ሲሞሉ ራሳቸው ይደነግጣሉ፤ ለዓመታት የተሸከሙትን ነገር እንደ ሥራ ቆጥረውት አያውቁምና።

ቀጥሎ የዕጣውን ድርሻ ይጻፉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንዱ በማለፊያው መስመር ላይ፣ ሌላው በአንድ ጥያቄ ከሥሩ የሆኑ ሁለት ልጆችን ያስቡ፤ የእውቀታቸው ልዩነት አንድ ጥያቄ ነው፣ የተከፈተላቸው በር ግን ሌላና ሌላ ነው። የዲፓርትመንት ምደባም እንዲሁ። ዲቪን ይመልከቱ፦ በየዓመቱ እስከ 55,000 ቪዛ ሲመደብለት የኖረ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅ ወይም የሁለት ዓመት የሙያ ልምድ የሚጠይቅ፣ ከዚያ ያለፈው ግን የኮምፒውተር ዕጣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡ ጓደኛሞች አንዱ ዕጣ ወጥቶለት ባለቤት ሲሆን ሌላው ኪራይ ሲከፍል የኖረው በትጋት ልዩነት አይደለም።

በመጨረሻ ድካሙን ይጻፉ፤ የእርስዎንም የእሷንም። ነርሷ ሜሪላንድ ስትደርስ ዲግሪዋን እንዳለ አልተቀበሏትም ይሆናል። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳት ነርስነት (ሲኤንኤ) ሌሊት እየሠራች፣ ቀን ኮሌጅ ገብታ፣ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን አልፋ ነው እዚህ የደረሰችው። ይህ በዕጣ አይገኝም። መምህርቷም በአንድ ክፍል ሰባ ተማሪ ይዛ፣ ቅዳሜ ትምህርት እየደገመች የሠራችው ሥራ በዚያኛው ዓምድ ይግባ።

ሁለት ስሕተቶችን ይጠንቀቁ። አንደኛው ሁሉን ነገር ለዕጣ መስጠት ነው፦ «ዕድሏ ነው እንጂ ምን አላት።» ይህ ጓደኛን ያሳንሳል፣ እርስዎንም ከመሥራት ያስቀራል። ሁለተኛው ሁሉን ነገር ለትጋት መስጠት ነው፦ «እሷ ጎበዝ ናት፣ እኔ ሰነፍ ነኝ።» እኔ ይህን ሁለተኛውን የበለጠ እፈራዋለሁ፤ ትሕትና መስሎ ሰውን ውስጥ ለውስጥ ይሰብራልና። ሁለቱም ዓምዶች ውስጥ ቤትም፣ ዕጣም፣ ድካምም ካልተጻፉ ገጹ አልተጠናቀቀም።

5. ገንዘቡን በዚያው አገር ሂሳብ ያስሉ

ውጭ ያለ ጓደኛን ደሞዝ በባንክ ምንዛሪ ማባዛት ከሁሉም የተለመደ ስሕተት ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 58 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ነርሷ በወር 3,000 ዶላር ይተርፋታል ብለው የገመቱ ጓደኞቿ ሰኔ ላይ 174,000 ብር ነበር የሚያስሉላት፤ ከዚያ በኋላ 300,000። እሷ አንድ ሰዓት አልጨመረችም፣ መምህርቷም አንድ ክፍለ ጊዜ አልቀነሰችም። በሐሳብ ውስጥ ግን ርቀቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ስለዚህ በእሷ አገር ዋጋ ያስሉ፦ የቤት ኪራይ፣ ግብር፣ የጤና መድን፣ የመኪና ዕዳ፣ ልጅ ማቆያ፣ ለአገር ቤት የሚላክ። ሰዓቱንም ይቁጠሩ። የሆስፒታል ነርስ ሺፍት ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ነው፤ ለእናት ቤት የሚያሠራ ገንዘብ የሚገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኦቨርታይም ወይም ከሁለተኛ ሥራ ነው። ቁጥሩን ካላወቁ ባዶ ይተዉት፤ ደረጃ 8 ላይ ይጠይቋታል። አገር ውስጥ ላለው ጓደኛም ያው ነው። መኪናው ይታያል፣ የባንክ ብድሩ አይታይም፤ የሱቁ መስታወት ይታያል፣ ውዝፉ አይታይም።

ይህን ሲያደርጉ «ውጭም ያው መከራ ነው» ወደሚለው ማጽናኛ እንዳይወርዱ። ነርሷ ብዙ ነገር ተሻሽሎላት ሊሆን ይችላል፣ ከሆነም እውነት ነውና ይጻፍ። ሂሳቡ ከእርስዎ ይልቅ ለእሷ ቢያደላም ሙሉ ሂሳብ ከግምት ይሻላል፤ ግምት ወሰን ስለሌለው ሌሊት ሁሉ ያድጋል።

6. ለሦስት ይክፈሉት

አሁን አዲስ ገጽ ይክፈቱና ከጓደኛዎ ሕይወት ያማረዎትን ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ሥር ያስገቡ።

መጀመሪያ፣ በቅርብ ሲታይ የማይፈልጉት። ነገሩን ከነዋጋው ቢሰጡዎት የማይወስዱት ከሆነ እዚህ ይግባ። መምህርቷ ሌሊት መሥራትን፣ ከእናቷ መራቅን፣ ማስተማርን መተውን አስባ «አሜሪካ» የሚለውን እዚህ ልታስገባው ትችላለች፤ ላታስገባውም ትችላለች። መልሱን ከአሁኑ የሚያውቅላት የለም።

ሁለተኛ፣ የሚፈልጉት ግን የተዘጋ። እዚህ ላይ ሰው አይቆይም፤ «አይዞህ፣ አሁንም አልረፈደም» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱ ግን እውነት ረፍዷል። አባቱ ሳይሞት ሊያሳየው የፈለገውን ምርቃት ያላደረሰ ሰው ዛሬ ቢመረቅ ያንን አያገኘውም። ለተዘጋው ነገር የሚገባው ሐዘን ነው። ስሙን ጠርተው ይጻፉት፣ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩት፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሚያከብሩት ሸኽ ማውራት የሚቀልዎት ከሆነም እንዲሁ። ሐዘኑ ግን በየቀኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላ፣ ለነገ ተስፋ ካሳጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይህን ያክማል። መሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ አንድ ቀን አይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት አጠገብዎ ላለ ሰው ይናገሩ።

ሦስተኛ፣ የሚፈልጉትና በሩ ያልተዘጋ። ብዙ ጊዜ እዚህ የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው። ከስልሳ ሰው፣ ከአንድ ፎቶና ከአንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት የተረፈው ይህ ነው።

7. ከሦስተኛው ዝርዝር አንዱን ብቻ ሥራ ላይ ያውሉ

ሁሉንም በአንዴ አይጀምሩ። የማታ ማስተርስ፣ የጎን ንግድ፣ የእንግሊዝኛ ኮርስ በአንድ ወር ተመዝግቦ በሦስተኛው ወር ሁሉንም የተወ ሰው ራሱን ለመውቀስ አዲስ ማስረጃ ያገኛል። አንዱን ይምረጡና አራት ነገር ይጻፉለት፦ ስንት ብር ይጠይቃል፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከቤተሰብ ማን መስማማት አለበት፣ የመጀመሪያው ሥራ በየትኛው ቀን ይሠራል። ሦስተኛውን ማንም አያስበውም። የትዳር ጓደኛው ያልተስማማበት የኤክስቴንሽን ትምህርት በመጀመሪያው ፈተና ሰሞን ቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል።

መምህርታችን የያዘችው የእናቷን መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እናቷ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆናቸውን፣ የዘንድሮው መዋጮ መከፈሉን፣ መድኃኒቱም ውል ባለው ጤና ተቋም መኖር አለመኖሩን ታጣራለች። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለት ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ታስጠናለች፤ የሚገኘው ገንዘብ ከቤቱ ወጪ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጣል። ካልተለየ ይበላል፤ ስለዚህ አስተማሪዎቹ እቁብ ካላቸው እዚያ መግባት ከሁሉ ይሻላል፣ እቁብ ቀኑን ጠብቆ ያስከፍላልና።

ከሦስት ወር በኋላ መለኪያው ነርሷ ሳትሆን ራሷ መምህርቷ ከሦስት ወር በፊት የነበረችበት ቦታ ነው። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ በወር ስንት ቀን ይቋረጥ ነበር? አሁንስ?

8. ይደውሉ

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ያለዚህ ሥራው አለቀ አልልም። ጓደኛዎ ፎቶ ብቻ ሆና ከቆየች ቅናቱ ይመለሳል፤ ሰው ሆና ድምፅዋ ሲሰማ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሰዓቱን ይመርምሩ፤ ሜሪላንድ እንደ ወቅቱ ከእኛ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ቀድመው በጽሑፍ «መቼ ልደውልልሽ?» ይበሉ፣ ሌሊት ሠርታ ቀን ተኝታ ሊሆን ይችላልና።

የሚባለው ቀላል ነው፦ «የእማማን ቤት አየሁ፣ እጅሽ ይባረክ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽም ቀናሁ። እስኪ ንገሪኝ፣ መጀመሪያ ስትደርሺ እንዴት ነበር?» «ቀናሁ» የሚለውን ማውጣት ከባድ ከሆነ ይዝለሉት፤ ጥያቄውን ግን አይዝለሉ። በደረጃ 5 ባዶ የተዉት ሁሉ የሚሞላው እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ እሷም የምትጠይቀው አላት፦ እናትሽን በየሳምንቱ ታያለሽ? በዓል እንዴት ነበር?

በመጀመሪያው ጥሪ ገንዘብ አይጠይቁ፣ በጎንም አይጠቁሙ። «እኛማ እንዲሁ ነን፣ ኑሮ እንደምታውቂው ነው» የሚለው ማልቀስ ልመና መስሎ ይሰማል፣ ሁለታችሁንም ያሳፍራል። እርዳታ ካስፈለገ በሌላ ቀን፣ መጠኑንና የሚመለስበትን ጊዜ ጠቅሰው በግልጽ ይጠይቁ። እምቢ ካለች ደግሞ ወዳጅነቱን አይቁረጡ። ስልክ ባታነሣም ወዲያው «ኮራች» አይበሉ፣ ከሳምንት በኋላ አንዴ ይሞክሩ። ስኬቱን ሌላውን ማሳነሻ የሚያደርግ ሰውም አለ። እንዲህ ያለውን የማዳመጥ ግዴታ የለብዎትም፤ የግሩፑን ድምፅ መዝጋት ነውር አይደለም።

9. ለቤተሰብና ለመሰባሰቢያ ቀን ቃል ያዘጋጁ

እናት «የእገሌ ልጅ እኮ ቤት ሠራች» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ፍርሃታቸው ነው፦ እኔ ሳልፍ ልጄ ምን ትሆናለች? መቆጣትም ዝም ማለትም ይህን ፍርሃት አያስታግስም። ተቀምጠው፣ በአክብሮት፣ የጀመሩትን ሥራ ይንገሯቸው፦ «እማዬ፣ እሷ በርትታ ሠርታለች፣ ደስ ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ዓመት የያዝኩት ይህ ነው፤ መድኃኒትሽ አይቋረጥም።» እናቶች የሚጨበጥ ነገር ሲሰሙ የሌላ ሰው ልጅ እየጠሩ ማወዳደራቸውን ይቀንሳሉ። ባይቀንሱ እንኳ እርስዎ የሚመልሱት አለዎት።

ለባቹ መሰባሰቢያ ወይም ለሠርግ ከመሄድዎ በፊት «አሁን የት ነሽ? ምን ትሠሪያለሽ?» ለሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይያዙ። «አለን፣ ምን እንላለን» እያሉ አይሽሹ፤ የሸሸውን ሰው ሁሉም ይከተለዋል። «ገና ነኝ»ም አይበሉ። «ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ልጆች ይዣለሁ» በቂ ነው። ለልብስና ለፀጉር ተበድሮ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕዳው ከበዓሉ በላይ ይቆያል። ከዚያም በደረጃ 3 ዝርዝር ላይ «አላውቅም» ተብለው ከተጻፉት ሰዎች አንዱ ከመጣ አጠገቡ ይቀመጡ፣ ዓመታቱን እንዴት እንዳለፈ ይጠይቁት፣ ስልኩንም ይቀበሉት።